ለሁለት ያነበብነው ውል፦ የመጽሐፍ ዐረብኛና የአፍ ዐረብኛ

ባለፈው ገና ወደ በቆጂ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ የዐረብኛ መማሪያና አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበሩ። አዲስ አበባ የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን እየተከታተልኩ፣ ማታ ማታ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚሰጥ የጀማሪዎች ክፍል አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዐረብኛ ተምሬያለሁ። እና አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ልታይ ልታይ ብሎኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ቡና እየቆላች ሳለ ቀረብ ብዬ በመጽሐፉ ዐረብኛ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት፦ «ማዛ ቱሪዲን?» ሳቋ ቤቱን ሞላው። «ዜና አንባቢ መሰልክ እኮ!» አለችኝ። እሷ ብትሆን የምትለው «ሹ ባዲክ?» ነበር። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ትርጉማቸው አንድ ነው፤ የሚጋሩት ቃል ግን አንድም የለም።

ሳቁ በረድ ሲል ከሳጥኗ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሥራ ውሏ ነው። ስድስት ዓመት በዐረብኛ ስትታዘዝ፣ በዐረብኛ ስትገዛ፣ በዐረብኛ ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴት፣ በዐረብኛ የተጻፈውን የገዛ ውሏን አንድ ቀንም አንብባው አታውቅም። እኔ ደግሞ ፊደሉን እየቆጠርኩ መጥራት እችላለሁ፤ ከአሥር ቃል የሰባቱ ትርጉም ግን ይጠፋብኛል። ስለዚህ እኔ ድምፅ እየሰጠሁ፣ እሷ እየሰማች ለሁለት ማንበብ ጀመርን። አንድ ወረቀት ለማንበብ ለምን ሁለት ሰው አስፈለገ? ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዐረብኛውን ሁሉ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። ልክክ ብሎ አይገጥምም፤ ግን ከምታስቡት በላይ ይገጥማል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

አፍ የማይፈታበት ቋንቋ

እ.ኤ.አ. በ1959 ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ «ዳይግሎሲያ» በሚል ርእስ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሕዝብ የአንድ ቋንቋ ሁለት መልክ ይዞ፣ አንዱን ለመጽሐፍ፣ ለሕግና ለዜና፣ ሌላውን ለማጀትና ለገበያ ይለየዋል። ፈርጉሰን አራት ምሳሌ ሰጠ፤ ዐረብኛ፣ ግሪክኛ፣ የስዊዘርላንድ ጀርመንኛና የሃይቲ ክሪዮል። ሰውየው ለኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው የቋንቋ ጥናት ላይ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ በ1970ም ዐረብኛ በኢትዮጵያ ስላለው ሚና ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥቷል።

ለኛ በሚገባን መንገድ ላስቀምጠው። ጋዜጣው፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱ፣ የቴሌቪዥን ዜናው ሁሉ በግዕዝ ነው እንበል። ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ ደግሞ አማርኛ ነው የሚወራው። ማንም በግዕዝ አፉን አይፈታም፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የሚማረው። ያልተማረ ሰው የገዛ አገሩን ዜና ሲሰማ ግማሹ ይገባዋል፣ ግማሹ ያመልጠዋል። (ግዕዝ የአማርኛ ቀጥተኛ እናት ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው።) የዐረብ አገር ልጅም እንዲሁ ነው። አፉን የሚፈታው «ዓሚያ» በሚሉት በሰፈሩ ዐረብኛ ነው። «ፉስሓ» የሚባለውን የመጽሐፍ ዐረብኛ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ደብተር ይዞ ይጀምረዋል።

ፉስሓ ከሞሮኮ እስከ ኦማን በመሠረቱ አንድ ነው። የሰፈሩ ግን ከአገር አገር ይለያያል። «አሁን» የሚለውን ቃል ብቻ ተከተሉ። በመጽሐፉ «አል-ኣን» ነው። ካይሮ ላይ «ዲልወእቲ»፣ ቤሩት «ሀለእ»፣ ሪያድ «አልሒን»፣ ካርቱም «ሀሳዕ» ይሆናል። ዝም ብሎ ሲያዩት ዝምድና ያላቸው አይመስሉም። ግን የካይሮውንና የቤሩቱን ጠጋ ብላችሁ እዩ። የካይሮው ሲፈታ «ዳ-ል-ወቅት»፣ የቤሩቱ «ሀ-ል-ወቅት» ነው፤ ሁለቱም «ይህ ወቅት» ማለት ነው። ወቅት! የኛው ወቅት፣ ከዐረብኛ የወሰድነው። በካይሮና በቤሩት አፍ «ቀ» ትዋጣለች፤ በቦታዋ ድምፁ ጉሮሮ ላይ ለቅጽበት ይቋረጣል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያቺን ማቋረጫ በ«እ» ወይም በ«አ» አሳይቻታለሁ። በሪያድና በካርቱም ደግሞ ያቺው «ቀ» አብዛኛውን ጊዜ «ገ» ትሆናለች።

ይህቺን ሕግ ያዙልኝ። ውሉ ላይ ትመጣለች።

ሞክሼዎቹ ሥራ ሲያገኙ

ሀ፣ ሐ፣ ኀ። አ፣ ዐ። ሰ፣ ሠ። ጸ፣ ፀ። ሞክሼ ፊደላት እንላቸዋለን። አማርኛ ላይ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ «ለምን አይቀነሱም?» የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቆይቷል። እኔም እንደ ማንኛውም ምሕንድስና የተማረ ሰው «ትርፍ ነገር ይወገድ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ዐረብኛ ክፍል በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

እነዚህ ፊደላት ግዕዝ ላይ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። እኛ ድምፁን ጥለን ፊደሉን አስቀረን። ዐረብኛ ደግሞ ድምፆቹን እስከ ዛሬ ይዟቸዋል። ስለዚህ በጥንቃቄ የተጻፈ የግዕዝ ቃል የዐረብኛውን ፊደል ይጠቁማል።

ሠ ዐረብኛ ላይ «ሽ» ሆና ትገኛለች፦ ምሥራቅ «መሽሪቅ» ነው፣ ዐሥር «ዐሽር»። ምዕራብስ? «መግሪብ» ነው፤ ሞሮኮ በዐረብኛ ስሟ ይኸው ነው፣ «አል-መግሪብ»፣ ምዕራብ። (ዐረብኛ ሁለት የነበሩ የጉሮሮ ድምፆችን ለይቶ ሲይዝ፣ ግዕዝ ሁለቱን ዐ ላይ ጠቅልሏቸዋል፤ እዚህ ጋ «ዐ» ን ስትጠብቁ «ግ» የመጣችባችሁ ለዚህ ነው።) አምስት በግዕዝ ኀምስ ነው፤ ዐረብኛው «ኸምስ»። አዲስ በግዕዝ ሐዲስ ነው፤ ዐረብኛውም «ሐዲስ» ይላል፣ የመጨረሻዋ «ስ» ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብሎ ትባላለች እንጂ። አዲስ፣ ዘመናዊ ማለት ነው። አዲስ አበባ ስትሉ ግማሹን ዐረብኛ እየተናገራችሁ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ? አርሲ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ «አረሰ» ይላል፤ ግዕዙ ሐረሰ፣ ዐረብኛው «ሐረሰ»፣ በዚያችው የጥርስ መካከል «ስ»። ፀሐይ ደግሞ ከ«ዱሓ» ጋር ትዛመዳለች፣ የረፋዱ ብርሃን ማለት ነው። ፀ የዐረብኛዋ ከባድ «ድ» እኅት ናት።

ይህን ዝምድና ሊቃውንቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃሎቹን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ያስተያያል። እኔ መጽሐፉን ከዚህ በፊት የማውቀው በሽፋኑ ብቻ ነበር። አሁን የዐረብኛ የቤት ሥራ ስሠራ አጠገቤ ይቀመጣል።

ወጥመድ የለበትም አልላችሁም። «በለዐ» ዐረብኛ ላይ መዋጥ እንጂ መብላት አይደለም። «ከቢር» ትልቅ ነው፤ ክቡር ብላችሁ ከተረጎማችሁት ትልቅ ድንች ሁሉ ክቡር ድንች ይሆናል። ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን እንደ ማንኛውም ዘመድ ራቅ ብለው ሲኖሩ ጠባይ ይቀይራሉ።

ጉሮሮው

ክፍላችን ውስጥ ትግርኛ አፉን የፈታ አንድ ልጅ ነበር። እኛ «ሐ» እና «ዐ» ን ለማውጣት ጉሮሯችንን ስናሠቃይ እሱ እየሳቀ ይመለከተናል። ትግርኛ ሁለቱንም ድምፅ ስላልጣለ ነው። እኔ ግን ዕድሌ ሌላ ቦታ መጣ። በቆጂ ያደገ ልጅ ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ አጭርና ረጅም አናባቢ ይለያል። «ለፈ» ብለን በአጭሩ ስንል መሬት ነው፤ «ላፋ» ብለን ስንጎትተው ለስላሳ። ዐረብኛም እንደዚያው ነው። «ጀመል» ግመል ነው፣ «ጀማል» ውበት። ጀማል የሚባለውን ጓደኛችሁን አሳጥራችሁ ብትጠሩት ግመል አደረጋችሁት ማለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ የክፍል ጓደኞቼ ይህን ልዩነት ለመስማት ሳምንታት ፈጀባቸው። እኔ ከእናቴ ነው ይዤው የመጣሁት።

ጠ፣ ቀ እና ጸ ደግሞ የተለየ ታሪክ አላቸው። የኔ ጥናት በድምፅ ሞገድ ላይ ስለሆነ እነዚህን በኮምፒውተር ስዬ አይቻቸዋለሁ። ጠ ስንል ጉሮሯችን ይዘጋል፣ ታፍኖ የቆየው አየር ይፈነዳል፣ አናባቢው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ በጣም አጭር ዝምታ አለች። ሥዕሉ ላይ ያቺ ዝምታ እንደ ነጭ ክፍተት ትታያለች። የዐረብኛዋ «ጣእ» ግን እንደዚያ አትፈነዳም። የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይሳብና አጠገቧ ያለው አናባቢ ይወፍራል፤ ልዩነቱ የሚታየው ተነባቢዋ ላይ ሳይሆን ጎረቤቷ ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዝምድናው ሥርዓት ያለው ነው፦ ፈጠረ «ፈጠረ»፣ ቀብር «ቀብር»፣ ቅርብ «ቀሪብ»። በፈነዳ ጠ ብትናገሩም ዐረቡ ይገባዋል። የሚስቅባችሁ ቢኖርም ሰምቶ ነው የሚስቀው።

ሦስት ፊደልና ቅርጻ ቅርጽ

ዐረብኛ ላይ ኢንጂነርን የሚያስደስት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቃል የሚሠራው ከሥርና ከቅርጽ ነው። ሥሩ ብዙ ጊዜ ሦስት ተነባቢ ነው፤ ቅርጹ ደግሞ እንደ ብሎኬት ማውጫ ፎርም ነው፣ ሲሚንቶውን ታፈሱበታላችሁ፣ መልኩን ይዞ ይወጣል። ከ-ተ-በ የሚለውን ሥር፣ መጻፍ ማለት ነው፣ ብታፈሱት «ካቲብ» ጸሐፊ፣ «ኪታብ» መጽሐፍ፣ «መክተብ» ቢሮ፣ «መክተባ» ቤተ መጻሕፍት ይወጣል። አማርኛችን ይህን ሥር ክታብና ክትባት ላይ ያውቀዋል፤ አፋን ኦሮሞም መጽሐፍን «ኪታበ» ይላል።

ይህ አሠራር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ጸ-ሐ-ፈ ውሰዱ፦ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ። ሳታውቁት ስትሠሩበት ኖራችኋል። ቦታን የሚያመለክተው የመጀመሪያው «መ» ሳይቀር አንድ ነው፦ የሚቀበርበት መቃብር፣ ዐረብኛው «መቅበራ»። እንዲያውም ቁርኣን የተጻፈበት ጥራዝ «ሙስሐፍ» ይባላል፤ ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ሥራ ቃሉ ከግዕዙ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ የገባ መሆኑን አሳይቷል። ብድሩ በአንድ በኩል ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሱቅ፣ ሐኪም፣ ሳሙና ከዚያ መጡ፤ መጽሐፍ ከዚህ ሄደ።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን ባስራ ላይ የኖረው አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ ይህን አሠራር በሒሳብ ዓይን ነበር ያየው። ዐረብኛ 28 ፊደል አለው። ሦስት የተለያዩ ፊደላት ብንደረድር ስንት ሥር ሊወጣ ይችላል? 28 ጊዜ 27 ጊዜ 26፣ ማለትም 19,656። አል-ኸሊል መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው ሊኖሩ የሚችሉትን ጥምረቶች ሁሉ አስልቶ፣ በሥራ ላይ ያሉትን ከሌሉት በመለየት ነው። ፊደላቱንም በአፍ ውስጥ ባላቸው ቦታ ከጉሮሮ ጀምሮ ወደ ከንፈር ደረደራቸው፤ መጽሐፉ «ኪታብ አል-ዐይን» የተባለው በ«ዐ» ስለሚጀምር ነው። ካልኩሌተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ!

መዝገበ ቃላቱ በሥር መደርደሩ ጀማሪን ግራ ያጋባዋል። «መክተባ» ን መ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ያለው ከ ላይ ነው። ቃሉን መፈለግ የሚቻለው ፎርሙን አውልቆ ሥሩን ካገኙ በኋላ ነው።

ሌላው የጀማሪ ጭንቀት ዐረብኛ አጫጭር አናባቢዎችን አለመጻፉ ነው። ከ፣ ተ፣ በ የሚመስሉ ሦስት ፊደላት ታያላችሁ፤ «ከተበ» ጻፈ፣ «ኩቲበ» ተጻፈ፣ «ኩቱብ» መጻሕፍት፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል። «ይህ እንዴት ይነበባል?» ብሎ የጮኸ ጓደኛ ነበረኝ። እስቲ ይህን አንብቡ፦ «አለ»። ተናገረ ማለት ነው ወይስ ይኖራል? ላልቶ ነው ጠብቆ? «ገና»ስ፣ በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልደረሰም» የሚለው? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ እናንተ ግን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥታችሁ በየቀኑ ታነቡታላችሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ የግዕዝ ጽሑፍ ራሱ መጀመሪያ አናባቢ አልነበረውም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ አናባቢ የሌላቸውም ያላቸውም የድንጋይ ጽሑፎች ይገኛሉ። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያልን የምንቆጥረው ያኔ የመጣ ማሻሻያ ነው።

የቱን ልማር?

ዐረብኛ ልማር የሚል ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነው። ፉስሓ ወይስ የሰፈሩን? የኔ ክፍል ፉስሓ ብቻ ነበር ያስተማረው፤ በኔ እምነት ስሕተት ነው። በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የሚሠራበት «አል-ኪታብ» የተባለው መማሪያ እንኳ በሦስተኛ እትሙ ፉስሓውን ከግብጽና ከሻም አነጋገር ጎን ለጎን አድርጎ ያቀርባል። (መጽሐፉ የሚቀለድበትም ነገር አለው፤ «የተባበሩት መንግሥታት» የሚለውን ሐረግ ተማሪው ገና ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ያገኘዋል። ማንኪያን ሳያውቅ ድርጅቱን ያውቃል።) ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያደናግራል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያደናግራል። ግን የዐረቡም ሕይወት እንደዚያው የተደበላለቀ ነው፤ ዜናውን በአንዱ ሰምቶ በሌላው ያማዋል።

ጊዜውን በተመለከተ አትደንግጡ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለዐረብኛ 2,200 የክፍል ሰዓት ይይዛል፤ ለአማርኛ ደግሞ 1,100። ያ ግምት የተሠራው እንግሊዝኛ ተናጋሪን አስቦ ነው። ምሥራቅና ምዕራብን፣ ነፍስንና ስምን፣ ሰማይንና ሰላምን ከእናቱ ቤት ይዞ ለሚመጣ ሰው የተሠራ አይደለም።

ደግሞ አስተማሪ ሩቅ አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከሊባኖስ፣ ከኩዌት፣ ከኤምሬቶች የተመለሱት ሌላ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አፋቸው ላይ ያለውን ቋንቋ «የማድ ቤት ዐረብኛ» ብለው ራሳቸው ይንቁታል። የአክስቴ ልጅም «እኔ እኮ ዐረብኛ አልተማርኩም» ነው የምትለው። አንድ ሴሚስተር የተማርኩት እኔ ግን አንድ ዳቦ መግዛት አልችልም።

ሃያ አራት ሰዓት

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ የሆነ ውል አለ። የሚፈረመው በዐረብኛ ነው፤ በፉስሓ፣ በሕግ ሰው ፉስሓ። ሠራተኛዋ በኋላ የምትለምደው ደግሞ የቤሩትን አፍ ነው። ቋንቋውን ብትችለው እንኳ ውሉ የተጻፈበትን መልክ አትማረውም።

መጀመሪያ «ሸህር» የሚል አገኘሁ። ድምፁን ሳወጣው ወዲያው «ወር!» አለች። ከዚያ «አጅር» መጣ። እሷ ደመወዝን የምታውቀው «መዓሽ» ብላ ስለሆነ ይህ አልገባትም፤ መማሪያዬ ላይ ስለነበር እኔ ነገርኳት። እንዲህ እየተቀባበልን ወረድን። አንድ ቦታ ላይ «ፈትረት ራሐ ኡስቡዒያ» ብዬ አነበብኩ። «ራሐ እረፍት ነው» አለች። ኡስቡዒያ ሳምንታዊ መሆኑን እኔ አውቄዋለሁ። ቀጥሎ ግን «ላ ተቂሉ ዐን 24 ሳዓ»። ሳዓ ሰዓት ነው፣ ሁለታችንም ገባን። «ላ» አይ ነው። «ተቂሉ»ስ?

እሷ ሰምታው አታውቅም። እኔም አላውቀውም። መዝገበ ቃላቱን አወጣሁና ተ ላይ ፈለግሁ፣ እንዳስተማርኳችሁ ሳላደርግ። የለም። «ተ» ፎርሙ ነው፣ መውለቅ አለበት። የቀረው ቀ እና ለ ነው፤ ሁለት ብቻ ከቀረ ደግሞ አንዱ ተደግሟል ማለት ነው። ቀ-ለ-ለ። ገጹን ስከፍት «ማነስ፣ ጥቂት መሆን» ይላል፤ ከሥሩ የወጣው ቅጽል «ቀሊል»።

«ቀሊል» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

ትንሽ አሰበች። «አሊል ነው እንዴ? አሊል እኮ ጥቂት ማለት ነው!»

ያቺ ሕግ ናት። ቤሩት «ቀ» ን ትውጣለች። ስድስት ዓመት የምታውቀው ቃል ወረቀቱ ላይ ልብስ ቀይሮ ተቀምጦ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ሌላ ልብስ አለው፦ ቀለለ፣ ቀላል። ክብደት ሲያንስ ቀላል እንላለን፤ ዐረቡ ቁጥር ሲያንስ ይለዋል። ለሦስት ቀናት ክፍል ውስጥ ቢነግሩኝ የማልይዘው ቃል ከዚያች ቅጽበት በኋላ አልጠፋኝም።

እና ዓረፍተ ነገሩ ተገጣጠመ፦ «ከ24 ሰዓት የማያንስ ሳምንታዊ የእረፍት ጊዜ።»

ዝም አለች። ቤሩት በነበረችበት ቤት በሳምንት አንድ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። ስድስት ዓመት ስንት ሳምንት እንደሆነ እኔ ኢንጂነሩ በልቤ ገና እያባዛሁ ሳለ እሷ ቀደመችኝ። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አለች።

ማንበብ ብትችል ኖሮ 312ቱን ቀን ታገኛቸው ነበር አልላችሁም። ካፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ መብትን ከፍ አድርጎ መጥራት ሥራንም ፈቃድንም ሊያሳጣ ይችላል። እሷም ያንኑ ነው ያለችኝ፦ «ባውቀውስ ለማን እነግረው ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይታ ግን «ቢሆንም ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር» አለች፣ ስኒዎቹን እየደረደረች።

ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። «አንተ ኢንጂነር፣ ቀዋ የትኛዋ ናት?» አለች። አሳየኋት፤ ክብ ራስ፣ ከላይ ሁለት ነጥብ። ፋእ ደግሞ አንድ ነጥብ ናት። ጣቷን እያስኬደች መስመር በመስመር «ቀ» ዎችን መቁጠር ጀመረች። ቀጥሎ ጂም፣ ቀጥሎ ዋው፣ ቀጥሎ ዛይ። የፊደሉን ቅርጽ ከድምፁ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው የቀራት፤ ቃሉን እኮ ታውቀዋለች። እኔ በአንድ ወር የያዝኳቸውን ፊደላት ግማሹን በዚያች ማታ ለየቻቸው።

የወረቀቱ አናት ላይ ስሟ የሠፈረበት ሳጥን አለ። ከሥሩ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ፊት ሁለት ቃል። ጣቷ እዚያ ቆመ። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ልረዳት አፌን ስከፍት በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«ጀ… ዋዝ» አለች። «ጀዋዝ ሰፈር። ፓስፖርት።»